የአባቴን ደም ለማስለካት ጉለሌ ወጣን

እዚህ መተሐራ፣ የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የሚታወቀው ለሠርግ በሚመጣው ጋቢና ነጠላ ነው። ሰፈሩን አይቶ የመጣ ሰው ግን ብዙ አላገኘሁም። ከተመለስኩ ወዲህ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼም ጎረቤቶቼም «እንዴት ነበር?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በየተራ ከማወራ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብያለሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ መሐል መሐል ላይ ማስረዳት ያምረኛል፤ ታገሡኝ። ካላስረዳሁ ደግሞ ያን ያህል ለምን እንደፈራሁ አይገባችሁም።

የሄድነው ለጉብኝት አልነበረም። የአባቴ ኩላሊት ከታመመ ቆይቷል። ደሙ እያነሰ ሄዶ፣ ከቤት መስጊድ ለመድረስ መንገድ ላይ ያለችው ግራር ሥር ሳያርፍ ማለፍ አቅቶት ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ሐኪም በየሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አዘዘችለትና እዚሁ ጤና ጣቢያ ሲወጋ ከረመ። አሁን መርፌው ሠርቶ እንደሆነ የሚታይበት ቀጠሮ ደረሰ። ካልሠራ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሰው ደም እየተሰጠው መቆየት ሊኖርበት ነው። አባቴ ደግሞ «መታመም ካልቀረ በቤቴ ልታመም» የሚል ሰው ነው።

የመጀመሪያው ቀን

የጤና ጣቢያችን ነርስ የሳምንቱን መርፌ በረዶው እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልላ፣ በረዶ በያዘ ፍላስክ ሰጠችኝ። «ይቀዝቅዝ እንጂ እንዳይረጋ፣ ደግሞም አትናጪው» አለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ፍላስኩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ወለንጪቲን ስናልፍ ከኋላዬ ያለ ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«እህቴ፣ መንገዱ ረጅም ነው። ከፍላስኩ ሻይ ቅጂልን እንጂ።»

«ሻይ አይደለም፤ መድኃኒት ነው።»

«የምን መድኃኒት ነው በፍላስክ የሚጠጣ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቅኩ ዝም ማለት አልችልም። ለሰውዬው፣ ቀስ በቀስም ለመኪናው ሰው ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሸንኮራ እርሻ የመስኖ ውሃ ተቆጣጣሪ ስለነበር፣ ይህን ነገር ሁልጊዜ የማስረዳው በቦይ ነው። ከቦዩ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ውሃው ማነሱን ያያል። ሩቅ ለሚገኘው በር ጠባቂ መልእክት ይልካል፤ በሩ ይከፈታል። ውሃው ሲበቃ ደግሞ «ይበቃል» ይላል፤ በሩ ይጠባል። በሰውነታችን ውስጥ የቦዩ ጫፍ ሰው ኩላሊት ነው፤ የሚያየው ግን ኦክስጅንን ነው። ኦክስጅን ሲያንስበት ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። በአጥንታችን ውስጥ ያለው መቅኔ መልእክቱ ሲደርሰው ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። ፍላስኩ ውስጥ ያለው ያው መልእክት ነው፤ ሰው የሠራው።

«እንግዲህ የኔ የጫፍ ሰውዬ ሞቷል ማለት ነው» አለ አባቴ።

«አልሞተም አባ፤ ታሟል።»

«ያው ነው። ቢደወልለትም አያነሳም።»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። በመቅኔ ውስጥ ለመብሰል የተዘጋጁ ለጋ ሕዋሳት ሁልጊዜ አሉ፤ መልእክቱ ካልደረሳቸው ግን ሳይበስሉ ይሞታሉ። ይህን ለክፍል ተማሪዎቼ በቀላሉ እናገረዋለሁ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ግን ከአፌ አልወጣም።

አዳማ ላይ ምሳ በላን። «ፓስታ፣ ጨው የሌለበት» ብዬ ሳዝ አስተናጋጇ «ታዲያ ምኑን ሊበሉት ነው?» አለች። ሆኖም ለብቻው ቀቅላ አመጣችለትና ሎሚ ቆርጣ ከጎኑ አስቀመጠች። አባቴን «እንዴት ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ይህን መልስ ልብ በሉልኝ። አባቴ እጁ ቢቆረጥም የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ከቃሊቲ መናኸሪያ በሁለት ታክሲ ሽሮ ሜዳ ደረስን። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ጋሽ ይማም ከጋቢ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ሁለቱ ከወሎ አብረው ወጥተው፣ አንዱ በረሃ ወርዶ ቀረ፣ ሌላው ዳገት ላይ ቀረ። ቤታቸው ወደ ቀጨኔ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። እኛ አገር መንገድ ማለት ፊት ለፊት የሚታይ ነገር ነው፤ እዚያ ግን ወደ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ዳቦ ለመግዛት ይወጣል፣ ውሃ ለመቅዳት ይወጣል፣ ለሶላትም ይወጣል።

አባቴ ጥቂት እንደተራመደ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ከንፈሩ ነጣ።

«አንተ ሁሴን፣ የበረሃ ሰው ሆነህ ዳገት ፈራህ?» አሉ ጋሽ ይማም።

«ዳገቱንስ አልፈራሁም። ቤትህን እዚህ የሰቀለብህ ማን ነው?»

ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከመተሐራው ያንሳል። ጤነኛ ሰው ከፍታ ሲወጣ ኩላሊቱ ይህን አውቆ ከዚያው ቀን ጀምሮ ተጨማሪ መልእክት ይልካል። ከአንድ መኪና ወርደን አንድ አየር ስንተነፍስ፣ የኔ ኩላሊት መናገር ጀምሯል፤ የእሱ ዝም ብሏል። ግድግዳውን ይዞ የቆመውን አባቴን እያየሁ ያሰብኩት ይህን ነው። ለምን አመጣሁት አልኩ።

የጋሽ ይማም ባለቤት እትዬ ዘይነብ በስልክ የነገርኳቸውን አልረሱም፤ ጨው ያልነካው ሽሮ ለአባቴ ለብቻው ሠርተው ነበር። ፍላስኩን ተቀብለው መርፌውን ከማቀዝቀዣቸው መሐል መደርደሪያ ላይ፣ ከወተቱ አጠገብ አስቀመጡልኝ። መኝታ ላይ ሦስት ጋቢ ደረቡልን። መተሐራ አንሶላ በውሃ ነክረን የምንተኛበት ሙቀት እዚያ ሲታሰብ ውሸት ይመስላል።

ሁለተኛው ቀን

ቀጠሯችን ባለበት የጉለሌ ሆስፒታል ወረፋው ረጅም ነው፤ አግዳሚው ወንበር ግን ሰው ለሰው ስለሚጠጋጋ አይበርድም። ደም የምትቀዳው ልጅ የአባቴን ደም ሥር ፈልጋ ለማግኘት ሁለቱንም ክንዶቹን ደባበሰች። ቀጥሎ የደም ግፊቱ ተለካ። የለካችው ነርስ መለኪያውን አየችና ምንም ሳትል ደግማ ለካች። ሰው ምንም ሳይል ደግሞ ሲለካ ደስ አይልም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከኔ ብዙ አትበልጥም። «አባቴ፣ ራስዎን ያምዎታል?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ከጠዋት ጀምሮ ግንባሩን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ነበር። «ዶክተር፣ ሳያመው አይቀርም» አልኩ። አባቴ ገላመጠኝ።

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። ኩላሊት መልእክት ሲልክ ልኩን ያውቃል፤ ሲበቃ ይተዋል። መርፌ ልክ አያውቅም። የተወጋው መጠን ካነሰ ደም አይጨምርም፤ ከበዛ ደም ወፍሮ በጠባብ ሥሮች ውስጥ መሄድ ይከብደዋል። መርፌው በራሱም የደም ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ በጣም ከፍ ካለ የአንጎል ሥር ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ የቦዩ ጫፍ ሰው ሲታመም፣ የሱን ሥራ ሐኪም ትሠራለች፦ ደም ትለካለች፣ ግፊት ትለካለች፣ ትጠይቃለች፣ ከዚያ መጠኑን ትወስናለች። እኔ ደም ማነሱን ብቻ ፈርቼ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ክፍል ስወጣ ፍርሃቴ ሁለት ሆነ፤ ድርቁም ጎርፉም።

ሐኪሟ ግፊቱ እስኪወርድ መርፌው እንዳይሰጥ አለች፤ የግፊት ክኒን ጻፈች። የደሙን ውጤት ስንጠብቅ ደግሞ የላብራቶሪው ሰው ብቅ ብሎ «ሁሴን የሚባለው ናሙና ረግቷል፤ ድጋሚ ይቀዳል» አለ። ሰዓቱም አልፏል። ከነገ ወዲያ ጠዋት ኑ ተባልን።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት በር ላይ ቆሜ ወደ እንጦጦ ስመለከት፣ ቱታ የለበሱ ወጣቶች በሩጫ ሲወጡ አየሁ። ጋሽ ይማም ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲወጡ «እነዚህ ደማቸውን ሊያወፍሩ ነው የሚወጡት ይላሉ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እነሱ መልእክቱን የሚልክ ኩላሊት አላቸው። አባቴ በዚያ ሰዓት ከነሻሹ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን ከብርሃን ከልሎ ተቀምጦ ነበር።

ክኒኑ ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም። ሽሮ ሜዳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱ «ትናንት አለቀ» አለኝ፤ ሌላው «ፒያሳ ሞክሪ» አለኝ። ፒያሳ ወርጄ በሦስተኛው ላይ አገኘሁ። ስመለስ ታክሲው ስድስት ኪሎ ላይ ቆመና ሾፌሩ ጎሚስታ ፈልጎ ጎማ ሲያስነፋ ቆየን። ክኒኑን በመዳፌ ጨብጬ፣ አባቴ አሁን ወድቆ ይሆን እያልኩ ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ ሸሚዙን አውልቆ ምንጣፍ ላይ ጎንበስ ብሏል። ጀርባው ላይ የላም ቀንዶች ተተክለዋል። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ምላጭ ይዘው ከጎኑ ተንበርክከዋል። ከአጠገባቸው ባለው ሳህን ውስጥ ደም አለ።

ዋግምት ነበር። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛም ሰፈር አለ። ቆዳ ላይ ቀንድ ይደፋና አየሩ በጫፉ በኩል ይሳባል፤ ቦታው በምላጭ ይበጣና ቀንዱ ተመልሶ ሲደፋ ደሙን ይስባል። ጋሽ ይማም ራሳቸውን ባመማቸው ቁጥር የሚያደርጉት ነው። ጓደኛቸው ሲሰቃይ አይተው ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከቀጨኔ ዋጋሚ ይዘው መጥተዋል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው!» ብዬ ጮህኩ። በሽማግሌ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ ጋሽ ይማም ፈገግ ብለው። «መጥፎው ደም ወጥቶ ይቀለዋል። እኔና አባትሽ ልጆች ሆነን ክረምት በወጣ ቁጥር አብረን ነበር የምንዋገመው። የነቢዩም ሱና ነው።»

«ጋሼ፣ ይህ ደም እኮ የለውም! በየሳምንቱ በመርፌ እየለመንን የሠራነው ነው! መጥፎ ደም የለውም፣ ጥሩም ገና አልሞላለትም!»

ዋጋሚው ምላጩን አንስተው ወደ ጋሽ ይማም ዞሩ። «ሰውዬው ሕመምተኛ ነው እንዴ? ራሱን ብቻ ነው ያመመው አላልከኝም?»

«ራሱንም ያመዋል» አሉ ጋሽ ይማም፤ ድምፃቸው ወረደ። «ኩላሊቱንም... ይህኛው ከዚያኛው ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።»

ሽማግሌው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ቀንዶቹን አንድ በአንድ አነሱ። እኔ በንጹሕ ፎጣ ቁስሉን ተጫንኩት። እጄ ሥር የአባቴ ጀርባ ቀዝቃዛ ነበር፤ የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ።

«አባ፣ አንተ ታውቅ የለም? ለምን እምቢ አላልክም?» አልኩት በጆሮው።

«የእንግዳ አፍ ለመብላት ነው የተሠራው» አለኝ፤ «እምቢ ለማለት አይደለም።»

«እንዴት ነህ አሁን?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ክኒኑን ዋጠ። ከዚያ በኋላ ያለው የዚያ ቀን ነገር ሁሉ መካስ ነበር። እትዬ ዘይነብ ባላቸውን «አንተ ሰው አስገዳይ!» ብለው ከቤት አባረሯቸውና ገበያ ሮጡ። የመጡት በጉበት፣ በቀይ ሥርና በቴምር ነው። «ቀይ የወጣበትን ቀይ ነው የሚተካው» አሉ። በሽሮ ሜዳ ሙሉ እንደሳቸው ደግ ሴት አላየሁም፤ ግን ይህንንም መከልከል ነበረብኝ። የታመመ ኩላሊት በቀይ ሥሩ፣ በቴምሩና በጉበቱ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም በደንብ ማውጣት አይችልም፤ ከተጠራቀመ ልብን ያቆማል። ይህን ሳስረዳቸው ሳህኑን ይዘው ቆመው ቀሩ።

«ልጄ፣ ታዲያ አባትሽን ምን አድርገን እንውደደው?»

ሩዝ ይወዳል አልኳቸው። ሩዝ ቀቀሉለት።

ጋሽ ይማም ለራት ሲመለሱ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁላችንም ርቀው ተቀመጡ። እንጀራውን ቆርሰው መልሰው አስቀመጡት።

አራተኛው ቀን

ጋሽ ይማም ሱቃቸውን አልከፈቱም፤ አብረውን ሆስፒታል መጡ። አባቴን በክንዱ ይዘው ቁልቁለቱን ሲያወርዱ፣ በየእርምጃው «ቀስ» ይሉታል። ደሙ እንደገና ተቀዳ። ሐምራዊ ክዳን ያላት ያቺን ትንሽ ጠርሙስ ሳይ፣ ትናንት ሳህን ውስጥ የነበረው ትዝ አለኝና ዓይኔን አዞርኩ።

ውጤቱን ስንጠብቅ ያለው ሰዓት ከጉዞው ሁሉ የከፋው ነበር። ደሙ አልጨመረም ከተባለ አባቴ እዚያው ይቀራል። ጨምሮ ቢሆንስ፣ ከትናንቱ የተረፈው ስንት ነው? ለተማሪዎቼ ፈተና ስሰጥ ጣታቸውን የሚነክሱትን «ተረጋጉ» እላቸው ነበር። ሁለተኛ አልልም።

ስማችን ተጠራ። ሦስታችንም ገባን። ግፊቱ ወረድ ብሏል፤ ገና ግን ከፍ ያለ ነው። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አየች፤ ብዕሯን አነሳች።

«ጨምሯል» አለች። «ግን የጠበቅኩትን ያህል አይደለም። መቅኔው በደንብ አልመለሰም ማለት ነው። ግፊቱ ሲስተካከል የመርፌውን መጠን ከፍ ማድረግ ሳይኖርብን አይቀርም። አባቴ፣ ሰሞኑን ደም ፈሶዎት ነበር? በሰገራ፣ በአፍንጫ፣ በሌላ?»

አባቴ የጋሽ ይማምን ፊት አላየም። የኔን ጉልበት ግን ከጠረጴዛው በታች በእጁ ተጫነ። ገባኝ፦ ጓደኛዬን በሰው ፊት አታዋርጂ።

«ደህና ነኝ» አለ። «አልሐምዱሊላህ።»

ሐኪሟ ወደ ወረቀቷ ጎንበስ አለች። ከፍ ያለ መጠን ግፊቱ በሚነሳ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ አስተምረዋለሁ። የአባቴን እጅ ከጉልበቴ ላይ አነሳሁና «ዶክተር...» አልኩ።

ያኔ ከኋላችን ቆመው የነበሩት ጋሽ ይማም፣ ልክ እንደ ክፍል ተማሪ፣ ጣታቸውን አወጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ትናንት እኔ ነኝ ያስዋገምኩት። ልጅቷ አልነበረችም። ሦስት ቀንድ ሙሉ ደም ሳህን ላይ ፈሷል፤ አራተኛው ላይ ደረሰችብን።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ቁጥሩን ይህን ያህል ያወረደው እሱ ብቻ ነው አልልም» አለች። «ግን ሳላውቅ መጠኑን ከፍ አድርጌ ቢሆን፣ ግፊቱ እንዲህ በሚነሳ ሰው ላይ...» አልጨረሰችውም። «እንኳን ነገሩኝ። መጠኑ ባለበት ይቆያል። የሰው ደምም አሁን አያስፈልግም። ክኒኑን እየዋጡ አገራቸው ይግቡ፤ ግፊቱ ሲወርድ መርፌው ይቀጥላል፤ በወሩ እንለካለን።»

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አባቴ፣ ኩላሊትዎ ዝም ብሏል። እርስዎም ዝም ካሉኝ እኔ በምን ልወቅ?»

አባቴ ሻሹን ከግንባሩ ፈታ። «ሲያመኝ ነው የሰነበተው» አለ፤ እንደ ሕፃን በቀስታ።

ውጪ ስንወጣ ጋሽ ይማም ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ። አባቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ሳብ አድርጎ «ተው አንተ፣ አብሽር፤ ትናንት ደሜን ወሰድክ፣ ዛሬ ደግሞ እንባህን ልታሳየኝ ነው?» አላቸው። እያለቀሱ ሳቁ።

አምስተኛው ቀን

ጋሽ ይማም እስከ ቃሊቲ ሸኙን። ለአባቴ ድርብ ጋቢ ሰጡት፤ «እዚያ ሙቀት ላይ ምን ላድርገው?» ቢላቸውም አልሰሙም። እትዬ ዘይነብ መርፌውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ፍላስኩ መለሱልኝ፤ በረዶውን ራሳቸው ደረደሩት። ምሳም ቋጠሩልን። ሩዝ ነበር።

መንገዱ ቁልቁል ነው። ከአዳማ በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፣ የመተሐራ አቧራ ሸተተኝ። አየሩ እየወፈረ ሲሄድ የኔ ኩላሊት ድምፁን እየቀነሰ መሆኑን አሰብኩ። አባቴ አጠገቤ አንቀላፍቷል፤ አፉን ከፍቶ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እያየሁ ቤት ደረስኩ። ፍርሃቴ ጉለሌ አልቀረም፤ አብሮኝ ተሳፍሮ መጥቷል።

ከዚያ ወዲህ ግፊቱ ወርዶ መርፌው እንደገና ተጀምሯል። ጋሽ ይማም በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውላሉ። ባለፈው ዓርብ ስልኩ ሲጮህ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር።

«ሁሴን፣ እንዴት ነህ?» ሲሉ ይሰማኛል።

«ደህ...» አለ አባቴ፤ አቆመ። ወደ እኔ አየ። «ዛሬ ራሴን ያዝ አድርጎኛል ይማም።»

ቀዩን እስክሪብቶ ጥዬ ተነሳሁ። «ታዲያ ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለልጅቷ ንገራት እንጂ!» እያሉ ጋሽ ይማም ከስልኩ ውስጥ ይጮሃሉ። የግፊት መለኪያውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ዞር ስል አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር።